ነቅተው ለሚቃዡ ሰዎች ሐኪም

፩

«ላም ትበራለች?»

የጠየቀችኝ ባለቤቴ ናት። ምሳ ላይ ነን። አፌ በሽሮ ተሞልቷል።

«አትበርም» አልኳት ዋጥ አድርጌ።

«እሳት ይቀዘቅዛል?»

«አይቀዘቅዝም።»

«ሚስማር ይበላል?»

«ቆይ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

ሳቀች። «ምንም አላጠፋህም፤ ጤነኛ ነህ። በሽተኞቼን የምጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። የአማርኛ መምህር አይደለህ? አስተካክልልኝ።»


፪

ከመሃል የጀመርኩት ሆን ብዬ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» እያልኩ ሳሰቃይ ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ልረፍ።

አጥናፉ እባላለሁ፤ ደሴ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ባለቤቴ ዶክተር ፀዳለ ናት። በከተማችን ባለ አንድ ሆስፒታል በጽኑ ሕሙማን ክፍል ትሠራለች። የምታጠናው አንድ ነገር ነው፦ በጠና የታመመ ሰው፣ በማሽን እየተነፈሰ ሳለ፣ ድንገት አእምሮው ይደናገርና የሌለ ነገር ማየት ይጀምራል። ነርሷ ጅብ ትሆንበታለች፤ ግድግዳው ይራመድበታል። በሕክምና ስም አለው፤ ዲሊሪየም ይሉታል። እኔ «ቅዠት በይው» አልኳት።

«የሚቃዠው የተኛ ሰው ነው» አለች። «እነሱ ነቅተው ነው የሚቃዡት።»

የግርጌ ማስታወሻ፣ በዶ/ር ፀዳለ፦ የተኙም አሉ። ዝም ብለው የሚቃዡት ይበዛሉ፤ ዝም ስለሚሉ ማንም አያያቸውም። ይህን ሳትጽፍ እንዳታልፍ።

ጻፍኩ።


፫

እንዴት ጀመረችው?

በሩጫ።

ሰኞ ገበያ በርበሬ ልትገዛ ወጥታ ነው። ወይዘሮ አሚናት የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ከጥቂት ወራት በፊት እሷው አክማቸው ከሞት ተርፈዋል። ስታያቸው ደስ ብሏት እጇን ዘርግታ ጠጋ አለች። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት፤ ሚዛናቸውን ጣሉና ሮጡ።

ፀዳለም ተከተለቻቸው። (ለምን እንደተከተለች እስካሁን አልነገረችኝም። ሐኪም ነኝ ባይ ሰው በገበያ መሃል በሽተኛውን ያባርራል?) ከጆንያ ክምር ጀርባ ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው።

«እትዬ አሚናት፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«አውቄሻለሁ! አውቄሽ ነው የሮጥኩት! ሁለቱን እግሬን በመጋዝ ቆርጠሽ ስትሸጪ አይቼሻለሁ፤ ደግሞ ምን ቀረሽ?»

የሮጡት በእነዚያው ሁለት እግሮች ነበር። ያንን ግን በዚያ ሰዓት የሚነግራቸው አልነበረም።

ፀዳለ ያለ በርበሬ ቤት ገባች። «አድነናቸዋል ብለን ስናጨበጭብ» አለች፣ «ለካ እነሱ ያንን ክፍል ተሸክመው ነው የሚወጡት።»


፬

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ልዑልሰገድ መልካም ሰው ናቸው፤ ሐኪምነትን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ጥናቱን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ልብ አለ፤ ኩላሊት አለ፤ ሳንባ አለ። ይህን ሁሉ ትተሽ ቅዠት? ሞተው ይቀሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ትንሽ ቢዘላብዱ ምናለ?»

«ዶክተር፣ ሕይወታቸውን መለስንላቸው። ቅዠቱን ግን ምራቂ ሰጥተናቸዋል።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያም «በይ ሞክሪው» አሏት፣ ለልጅ ኳስ እንደሚፈቅድ ሰው።


፭

ስለ ላሟ።

ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ የገባ ሰው መናገር አይችልም። ስለዚህ ቀላል ጥያቄ ይጠየቃል፤ «አዎ» ከሆነ የሐኪሙን እጅ ይጨብጣል። ላሟ ትቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ላም እንደማትበር የማያውቅ ሰው አለ?

እማማ ይታይሽ የሚባሉ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ሌላውን ሁሉ በትክክል መለሱ። «ላም ትበራለች?» ሲባሉ ግን የፀዳለን እጅ ጭብጥ አደረጉ። «ተደናግረዋል» ተብሎ ተጻፈ።

ቱቦው ከወጣ በኋላ ጠየቀቻቸው።

«እንዴት ነው እማማ፣ ላም ትበራለች ያሉኝ?»

«‹ላም አለኝ በሰማይ› ሲባል አልሰማሽም? ካልበረረች በምን ወጣች?»

ፀዳለ ቤት መጥታ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። እኔ ምን ላድርግ? አማርኛ ውስጥ እንስሳ ሁሉ ተረት ተጭኖበት ነው የሚሄደው። ላሟን አሰናበትናት።


፮

አንድ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው።

«የመብራት ከፍለሃል?» አለችኝ።

አፌ በአረፋ ተሞልቷል። መለስኩላት። እሷ ግን አፍጥጣ ቀረች።

«ድገመው!»

«እም?»

«አሁን ያደረግከውን ድገመው!»

ምን እንዳደረግኩ አላወቅኩም። ጫማዋን አጥልቃ፣ ሻይዋን ጥላ በሩጫ ወጣች።

ያደረግኩት ይህ ነው፦


ቅንድብ።


እኛ «አዎ» ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ ቅንድባችንንም ከፍ። ቱቦ የገባበት ሰው ትንፋሹን መሳብ አይችልም። እጁም ከድካም የተነሳ አይጨብጥም። ቅንድቡ ግን አለ። በሽተኞቹ ሲመልሱ ኖረዋል። ከውጭ የመጣው ቅጽ ቅንድብ ስለማያውቅ «አልመለሰም» እየተባለ ተጽፎባቸዋል።

የመጀመሪያ ጥናቷ የታተመው በዚህ ነው። የጥርስ ብሩሼ ስም አልተጠቀሰም።

ግርጌ፣ በዶ/ር ፀዳለ፦ የአንተም አልተጠቀሰም። መብራቱንም አልከፈልክም ነበር።


፯

ከዚያ በኋላ ክፍሉን መለወጥ ያዘች። ጥቁር መጋረጃው ወረደ፤ ቀን ቀን መሰለ። ማስተኛ መድኃኒት ተቀነሰ። ቱቦ እንዳይነቅሉ የታሰሩ እጆች ተፈቱ። የሽማግሌዎቹ መነጽር ከቤት እንዲመጣ ተደረገ፤ ለካ ግማሹ ጅብ ያለ መነጽር የታየ ነርስ ኖሯል።

ዋናው ግን ቤተሰብ ነበር። ቀድሞ ከመስታወት ውጭ ቆመው ነበር የሚያዩት፤ አሁን ገብተው እጅ ይዘው እንዲቀመጡ ፈቀደች። የሚያውቀው ድምፅ ይሰማ፣ ሰውየው ወደ ራሱ ይመለስ ብላ ነው።

«ሰርግ ቤት አደረግሽው!» አሉ ዶክተር ልዑልሰገድ።

ሰርጉ ግን ሠራ። የሚቃዡት ቀነሱ። ፀዳለ በየመንገዱ ብቻዋን ትስቅ ጀመር።


፰

አሁን አንተ፣ አንባቢዬ።

በጀርባህ ተኛ።

ስምህ ይመር ሰይድ ነው። የኮምቦልቻ ሰው ነህ፤ ጉልበትህ እስኪደክም ከባድ መኪና ነድተሃል። አሁን ሳንባህን ክፉኛ ታመሃል፤ ይህንን ግን አታውቅም። የምትሰማው ሞተር ነው። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ለሌሎቻችን የመተንፈሻ ማሽን ነው። አንተ ግን ሞተር ታውቃለህ፤ ይሄ ነዳጁ ቆሻሻ ነው።

ውረድና እየው።

አትወርድም።

ፊት ለፊት ኬላ አለ። ነጭ የለበሱ ፈታሾች ቆመዋል። መንጃ ፈቃድ አይጠይቁህም፤ ደም ነው የሚቀዱብህ።

ሚስትህ መጣች። ዳንክ!

ሚስትህ ወደ ነጭ ለባሾቹ ዞራ አወራች። ሳቀችላቸው። አንዷ አንድ ነገር አቀበለቻት። ሚስትህም ጎንበስ ብላ በአፍንጫህ በኩል ሲሚንቶ አፈሰሰችብህ።

ቀዝቃዛ ነው። በጉሮሮህ ሲወርድ ይሰማሃል።


በል አሁን እርሳው።



ረሳኸው?


፱

ይመርም አልረሳም። ድኖ፣ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ከገባ በኋላም አልረሳም።

ሚስቱ ወይዘሮ ዚነት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ እኛ ቤት መጡ። ቁጭ እንኳ ሳይሉ ጀመሩ።

«ዶክተርዬ፣ ባሌን አድናችሁ ሌላ ሰው ነው የሰጣችሁኝ።»

«ምን ሆኑ?»

«ከእጄ አይበላም። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላል፤ ልጣጭ ያለው ነገር ብቻ! እንቁላሉንም በመርፌ ወግቼው እንደሆን ብሎ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ አይቶ ነው የሚልጠው።» ሊስቁ ብለው ተሳናቸው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ያበላሁትን ሰውዬ! ሲሚንቶ አጠጣሽኝ ይለኛል። ሽማግሌ ጠርቷል፤ ሊፈታኝ ነው።»

እኔ ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ፤ ለማልቀስ ቦታ ልተውላቸው ብዬ። እሳቸው ግን አላለቀሱም። እንቁላሉን እንዴት እንደሚያገላብጥ በእጃቸው አሳዩን፤ ሦስታችንም ሳቅን።

ከሸኘናቸው በኋላ ፀዳለ በሩን ይዛ ቆመች።

«በቱቦው ምግብ ስንሰጠው ስሪንጁን ይዛ የረዳችን እሷ ናት» አለች። «አጠገቡ ባትሆን ኖሮ ቅዠቱ ውስጥ አትገባም ነበር። ያስገባኋት እኔ ነኝ፣ አጥናፉ።»


፲

ወሬው ዶክተር ልዑልሰገድ ጋ ደረሰ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«የምከራከርሽ ጠልቼሽ አይደለም» አሏት። «አንድ ትዳር ካፈረሰ ግን መድኃኒቱ ከበሽታው ባሰ ማለት ነው። እስከሚቀጥለው የአስተዳደር ስብሰባ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ቤተሰብ ወደ መስታወቱ ይመለሳል።»


፲፩

የሽምግልናው ቃለ ጉባኤ፤ የኮምቦልቻው ሽማግሌ የሐጂ ሙሄ ግቢ፣ ዛፍ ሥር። (የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ጥቅም አልነበረኝም።)

ሐጂ ሙሄ፦ ይመር፣ ነገርህን አስረዳ።

ይመር፦ ሲሚንቶ አጠጣችኝ።

ሐጂ ሙሄ፦ ለምን ብላ?

ይመር፦ መኪናዬን ልትሸጥ።

ዚነት፦ ኧረ በአላህ! መኪናውን ራሱ ከሸጠው ስንት ዘመኑ!

ይመር፦ እሱን ያኔ አላወቅኩም።

ሐጂ ሙሄ፦ ዶክተር፣ እርስዎ ይናገሩ።

ፀዳለ፦ ጋሽ ይመር፣ ሲሚንቶ አይደለም፤ አጥሚት ነው። መዋጥ ስላልቻሉ በአፍንጫዎ ቱቦ አስገብተን ነበር። ስሪንጁን ለእትዬ ዚነት የሰጠናቸው እኛው ነን።

ይመር፦ ይኸው! አመነች!

ፀዳለ፦ አይደለም፣ እኔ ያልኩት...

ይመር፦ ሐጂ፣ ሰምተዋል። ዕቃውን የሰጠናት እኛ ነን ብላለች።

ሐጂ ሙሄ፦ ዶክተር፣ እርስዎ ምስክር ነዎት ወይስ ተከሳሽ?

(ሳቅ። ይመርና ዚነት አልሳቁም።)

ሐጂ ሙሄ፦ ለሳምንት ይደር።


፲፪

«እውነቱን ነገርኩት» አለች ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፤ «እውነቱ ነው ያስፈረደብኝ።»

መንገዱ እየተጠማዘዘ ጉሙ ውስጥ ገባን። ከዚያ ድንገት ክንዴን ያዘች።

«እኔን ለምን ያምነኛል? እኔ እዚያ አልነበርኩም እኮ!»

«እንዴት አልነበርሽም?»

«እሱ የነበረበት ቦታ። ኬላው ላይ። እዚያ የነበሩት ሌሎች በሽተኞች ናቸው።»

ሆስፒታል ኑ ብንላቸው የሚመጣ አልነበረም፤ ግማሾቹ በዚያ መንገድ ማለፍ እንኳ ትተዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት የእኔን መማሪያ ክፍል ከፈትን። ይመርን የጠራሁት እኔ ነኝ። «በዚያ ኬላ ያለፉ ሌሎች ሰዎች አሉ» አልኩት በስልክ።

«አየህ! እመጣለሁ» አለ። «ምስክር ሳላገኝ ቀርቼ ነው።»


፲፫

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። ይህን ክፍል ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ፀዳለ «ቀልድ አታብዛበት» ትላለች። እኔ ምንም አልጨመርኩም፤ እነሱ ናቸው እንዲህ የሚያወሩት።

በተማሪ ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ይመር የኋላውን ወንበር ያዘ፤ ኮቱን አላወለቀም። ዚነት አልገቡም፤ ከውጭ ግንብ ላይ ምሳ ዕቃ ታቅፈው ቁጭ ብለዋል።

ገዛኸኝ የሚባል ፀጉር አስተካካይ ጀመረ። አልጋው ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ነበር፤ ነርሶቹም በሙሉ ጭላዳ ዝንጀሮ ነበሩ።

«ክፉ ነበሩ?» አሉ እማማ ይታይሽ።

«ኧረ ደጎች ናቸው። ፀጉራችንን አስተካክልልን እያሉ አስጨነቁኝ እንጂ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይመር አልሳቀም።

ወይዘሮ አሚናት ተነሱ። ጣታቸውን ወደ ፀዳለ ቀሰሩ።

«እቺን ታያላችሁ? ሁለቱን እግሬን ቆርጣለች። በመጋዝ! ኪሎውን በስንት እንደሸጠችውም ሰምቻለሁ፤ አርክሳዋለች።»

ፀዳለ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆማለች። አልተከላከለችም።

ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ታዲያ እንዴት አብረሻት ትቀመጫለሽ?»

«ምን ላድርግ ወንድሜ? ማየቱንማ አይቻለሁ። ወላሂ አይቻለሁ! ዓይኔን ውሸታም አልለውም። አሁንም መጋዝ ስሰማ እንቀጠቀጣለሁ።» ቀሚሳቸውን ትንሽ ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን መታ መታ አደረጉ። «ከዚያ እንዲህ እነካቸዋለሁ። አሉ። መጋዙም አለ፤ እግሬም አለ። ሁለቱንም ይዤ ገበያ እወጣለሁ።»

ተመልሰው ተቀመጡ።

ይመር ኮቱን ከፈተ። ሆዱን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገ።

«ሲሚንቶ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ይደርቃል አይደል?»

«እንዴታ!» አሉ እማማ ይታይሽ። «እኔ ቤት ሳሠራ በነጋታው ድንጋይ ነበር።»

እንደገና ጫን አደረገው። ግራውን፣ ቀኙን፣ እንብርቱ አካባቢ። ክፍሉ በሙሉ የሰውየውን ሆድ ያያል።

«ለስላሳ ነው» አለ።


፲፬

ወጣ። ዚነት ግንቡ ላይ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ቆመ። እኛ ሁላችን መስኮት ላይ ነን፤ ፀዳለ አንገቷን ከእኔ በላይ አስግጋለች።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ገንፎ።»

በልቤ «አዬ ዚነት!» አልኩ። ስንት ምግብ ባለበት አገር! ሙዝ ይጠፋል? ክዳኑን ሲከፍቱት ወፍራም የገብስ ገንፎ ነው፤ ግራጫ፤ ለልስን የተዘጋጀ ሲሚንቶ ነው የሚመስለው። ፀዳለ ዓይኗን ጨፈነች።

ይመር ገንፎውን አየ። ዚነትን አየ። ከጎናቸው ተቀመጠ። ከዳር ቆርሶ ቅቤውና በርበሬው መሃል ነከረ። አፉ ጋ ሲያደርስ ቆመ፤ በሌላ እጁ ሆዱን ነካ አደረገ።

ጎረሰ።

አኘከ። ዋጠ። ለረጅም ጊዜ አሰበ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

«መጣ!» ብለው ዚነት ከግንቡ ተስፈንጥረው ተነሱ። «ሰውዬዬ መጣ! ዕድሜውን ሙሉ እንደዚህ ነው የሚለኝ!» እልልታቸው ግቢውን ሞላው። ዘበኛው ሰርግ መስሎት በሩን ከፈተ።


፲፭

ሐጂ ሙሄ መዝገባቸውን ዘጉ። ዶክተር ልዑልሰገድ በሁለተኛው የቅዳሜ ስብሰባ መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ ገዛኸኝ «ዶክተር፣ እርስዎ የዝንጀሮዎቹ አለቃ ነበሩ» ሲላቸው እስኪያነቡ ሳቁ። በአስተዳደር ስብሰባው ላይ ቤተሰብ ወደ መስታወቱ ይመለስ የሚለውን ሐሳብ ያነሳ አልነበረም። ቅዳሜዎቹ ግን የሕክምናው አካል ሆኑ፤ አሁን ማንም በሽተኛ የት መጥቶ ማውራት እንደሚችል ሳይነገረው ከክፍሉ አይወጣም።

ፀዳለ አዲስ አበባ በአንድ ጉባኤ ላይ ይህን አቀረበች። ሁሉም ስለ ገንፎው ጠየቋት።

እኔ ታሪኩን እዚህ ልጨርስ ነበር። መደምደሚያ፣ ነጥብ።

ግርጌ፣ በዶ/ር ፀዳለ፦ አላለቀም። የታመመውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ያደረችውን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ስለዚህ ዚነት ጋ ሄድኩ።


፲፮

ከድምፅ መቅጃ የተገለበጠ።

ፀዳለ፦ እትዬ ዚነት፣ ጋሽ ይመር ያዩትን ነግረውናል።

ዚነት፦ ነግሯችኋል፤ አገር ሰምቶታል።

ፀዳለ፦ እርስዎስ?

ዚነት፦ እኔ ምን?

ፀዳለ፦ እርስዎም እዚያው ነበሩ። እጃቸውን ይዘው። ምን አዩ?

(ሳቅ።)

ዚነት፦ እኔን እኮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ፀዳለ፦ ይኸው ጠየቅኩዎት።

ዚነት፦ ይመር እንዳይሰማ በሩን ዝጊው። ...ዘጋሽው? እሺ። በመጀመሪያው ቀን፣ እጁን ስይዘው፣ ...

(ከመሃል እንደጀመርኩ ከመሃል አቆምኩ፤ ቀሪው የዚነት ነው።)